የቆዩ የመልክዐ ምድር ካርታዎችን ፈልጎ ስለ ማግኘትና በኮምፒዩተር ካርታ ሥራ ላይ ስለ ማዋል

ባለፈው ዓመት ሦስት የጂኦግራፊ ተማሪዎች ሆነን በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እየሰፋ እንደ ሄደ በካርታ ለማሳየት አንድ አነስተኛ ጥናት ጀምረን ነበር። ሥራውን ስናስበው ከባዱ ነገር የቆየ ካርታ ማግኘት ይመስለን ነበር። ካርታው ግን ከጠበቅነው ጊዜ ቀድሞ ተገኘ፤ ሁለት ወር ያህል ያደከመን ያገኘነውን ካርታ በትክክል አንብቦ በዛሬው መሬት ላይ በስፍራው ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሐይቁን ታሪክ በሙሉ ለመግለጽ የታሰበ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ጓደኞቻችን መንገዱን አስቀድመው እንዲያውቁት፣ መምህራኖቻችንም ስሕተት ያገኙበት እንደ ሆነ እንዲያርሙን በማሰብ የቀረበ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ በሞላበት በዚህ ዘመን የቆየ ካርታ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ምድርን ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ከ1960 እስከ 1972 ድረስ ኮሮና በተባለው የስለላ ሳተላይት የተነሡ ፎቶግራፎች አሉ፤ እነርሱም በ1995 ከምስጢርነት ወጥተው ለሕዝብ ተፈቅደዋል። ነገር ግን ሽፋናቸው በየስፍራው እኩል አይደለም፤ የቦታ ስምና ከፍታም አይነግሩም። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ነበረና በ1990ዎቹ መጨረሻ 40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ደረሰ በተመራማሪዎች ተጽፏል። መስፋቱ የጀመረው በ1960ዎቹ ስለ ሆነ፣ ሐይቁ ገና ትንሽ በነበረበት ጊዜ ዳርቻው የት እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ካርታና ወደ አይሮፕላን ፎቶግራፍ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ስለ መስፋቱ ምክንያት ሊቃውንቱ አንድ ቃል አይናገሩም፤ አንዳንዶቹ በ1960ዎቹ በአካባቢው ከተስፋፋው የመስኖ እርሻ የሚመለሰውን ውሃ፣ ሌሎቹ ከመሬት በታች በፍል ውሃ ምንጮች በኩል የሚገባውን ውሃ ዋና ምክንያት ያደርጉታል። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ስለ ሆነ ለእርሻም ለከብትም አይረባም። ስለዚህ ዳርቻው በየትኛው ዓመት የት ነበር የሚለው ጥያቄ ግጦሹ በውሃ ለተያዘበት አርብቶ አደር ትልቅ ጕዳይ ነው።

ካርታው ከየት ይገኛል? አገራችንን በሚመለከት ዋናው ስፍራ አዲስ አበባ የሚገኘው፣ ቀድሞ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት፣ በኋላም ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ነው። አሁን ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃሏል። በ1:50,000 እና በ1:250,000 መስፈርት የተሠሩት የአገሪቱ ካርታዎች ምንጫቸው ይህ ነው። ተማሪ የሆነ ሰው ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይዞ ቢሄድና የሚፈልገውን ሉህ ቍጥር አስቀድሞ ጽፎ ቢቀርብ ብዙ መመላለስ ይቀርለታል። በዚያው መሥሪያ ቤት ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 ያነሧቸው የአይሮፕላን ፎቶግራፎች ለብዙ ዓመት ተቀምጠው ኖረዋል። ቍጥራቸው 34,000 ገደማ ሲሆን፣ በ8,281 የጠንካራ ካርቶን ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው ነው የተገኙት። በአብዛኛው በአንዱ ሰሌዳ ላይ በአንድ ጊዜ የተነሡ አራት ፎቶግራፎች አሉ፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን የተነሡ ናቸው። የኢትዮጵያና የቤልጅግ ተመራማሪዎች እነዚህን ፎቶግራፎች ወደ ኮምፒዩተር ማስገባታቸው ለእኛ ትውልድ ትልቅ ስጦታ ነው። ጣሊያኖች በዚያው ጊዜ የሠሯቸው ካርታዎች ደግሞ ፍሎሬንስ በሚገኘው የጦር ጂኦግራፊ ተቋም ተጠብቀዋል።

ከአገር ውጭ ካሉት ስብስቦች መካከል በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የፔሪ ካስታኔዳ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር የካርታ ክፍሎች ያተሟቸውን ብዙ ሉሆች በኢንተርኔት በነፃ ያቀርባል። የዴቪድ ራምሴ ስብስብም ለቀደሙት ዘመናት ካርታዎች የታወቀ ነው። የሶቪየት ጦር ጠቅላይ መምሪያም የብዙ አገሮችን መሬት በጥንቃቄ አስለክቶ ካርታ ያዘጋጅ ነበር፤ የእነዚህ ካርታዎች ከፍታ አጻጻፍ ግልጽ ነው፤ ስሞቹ ግን በሩሲያ ፊደል የተጻፉ ስለ ሆኑ አንባቢው ፊደሉን ማጥናት አለበት። (አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው።) ስለ ዘዴው ልምምድ ማድረግ የሚፈልግ ሰው የስኮትላንድን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና የአሜሪካን የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ስብስቦች ቢመለከት ይጠቅመዋል። የኋለኛው መሥሪያ ቤት ከ1884 ጀምሮ ያሳተማቸውን የመልክዐ ምድር ካርታዎች ለማንም ሰው ክፍት ስላደረገ፣ አንድ ስፍራ በተለያዩ ዓመታት እንዴት እንደ ተሳለ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

የሉህ ቍጥር ማንበብን ማወቅ ከፍለጋው ድካም ግማሹን ያቀልላል። በ1891 አልብሬክት ፔንክ የተባለ ጀርመናዊ የጂኦግራፊ ሊቅ መላው ዓለም በ1:1,000,000 መስፈርት በአንድ ሥርዐት ካርታ እንዲሠራለት ሐሳብ አቀረበ። ካርታው ራሱ እንደ ታሰበው ሳይፈጸም ቀረ፤ የሉሆቹ አከፋፈል ግን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ አለ። ምድር ከምድር ወገብ ጀምሮ በየ4 ዲግሪ ኬክሮስ ትከፈላለች፤ ለሰሜኑ ክፍል ኤን የሚለው ፊደል ይቀድምና ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ኤ፣ ከ4 እስከ 8 ቢ፣ ከ8 እስከ 12 ሲ እየተባለ ይቀጥላል። ኬንትሮስ ደግሞ ከ180ኛው ዲግሪ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በየ6 ዲግሪው ይቈጠራል፤ በዚህ ቍጥር 37ኛው ክፍል ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ነው። ስለዚህ የአገራችን መካከለኛ ክፍል ኤንሲ 37 ላይ ይወድቃል። የ1:250,000 ካርታ ሲሠራ ይህ ትልቅ ሉህ ወደ ጎን 4፣ ወደ ታች 4 ሆኖ በ16 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 1 ዲግሪ ኬክሮስና 1 ዲግሪ ተኩል ኬንትሮስ ይሸፍናል። ቍጥሩ ከሰሜን ምዕራብ ጥግ ተነሥቶ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በሰቃ በ8 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ስለ ሆነ፣ በአራተኛው ረድፍ በሦስተኛው ዐምድ ይወድቃል፤ ይኸውም ኤንሲ 37-15 ናዝሬት የተባለው ሉህ ነው። አዲስ አበባ ከእርሱ ከፍ ብሎ 37-10 ላይ ነው። የሶቪየት ካርታዎችም ከዚሁ አከፋፈል የተነሡ ስለ ሆኑ ሲ-37 ብሎ የሚፈልግ ሰው ወደዚያው አገር ይደርሳል። ይህን ሒሳብ ያወቀ ተማሪ የቦታ ስም ሳይጠይቅ ሉሁን ማግኘት ይችላል። ስም ብቻ ይዞ መፈለግ አታላይ ነው፤ ናዝሬት ዛሬ አዳማ ነው፣ ዓለማያም ሐረማያ፤ በሰቃ ራሱ በፈረንጅ ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው።

ሉሁ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነበበው ሥዕሉ ሳይሆን ጠርዙ ነው። በጠርዙ ላይ ከአንድ የበለጠ ዓመት ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ የአይሮፕላኑ ፎቶግራፍ የተነሣበት፣ ሌላው በመሬት ላይ የተጣራበት፣ ሦስተኛው የታተመበት ነው። የሐይቁ ዳርቻ የሚመሰክረው ስለ ፎቶግራፉ ዓመት ነው። በፎቶግራፉና በኅትመቱ መካከል ብዙ ዓመት ሊያልፍ ስለሚችል፣ በሚሰፋ ሐይቅ ላይ የኅትመቱን ዓመት የጻፈ ሰው የዕድገቱን ፍጥነት አበላሸ ማለት ነው። በአገር ውስጥ ከታተመ ሉህ ዓመት ሲወሰድም ዘመኑ በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን መለየት ይገባል፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም። ወራቱም ቢሆን ይመረመራል፤ ከክረምት በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍና በበጋ መጨረሻ የተነሣው አንድ ዓይነት ውሃ አያሳዩም።

ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ስለ ማስገባት ብዙ መናገር አያሻም። ሉሁ ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ስካነር ላይ፣ ቢያንስ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይነሣ። በዚህ መጠን አንዱ ነጥብ በ1:50,000 ካርታ ላይ 4 ሜትር፣ በ1:250,000 ላይ 21 ሜትር መሬት ይሆናል። ከዚህ በላይ ማጥራት የካርታውን እውነተኛነት አይጨምርም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የእጅ ስሕተት በ1:50,000 ላይ 25 ሜትር፣ በ1:250,000 ላይ 125 ሜትር መሆኑ አይቀርም። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ጠርዙ ስለሚጎብጥ ለንባብ እንጂ ለልኬት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ወረቀቱ በኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ሥዕል ብቻ ነው፤ የትኛው የሥዕሉ ነጥብ የትኛው የምድር ነጥብ እንደ ሆነ አያውቅም። ሁለቱን ማገናኘት ካርታውን ከምድር ጋር ማሰር እንበለው። ለዚህ ሥራ ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቂ ነው። እኛ የተጠቀምንበት የ1:50,000 ሉህ በየአቅጣጫው 15 ደቂቃ የሚሸፍን፣ ማለት በመሬት 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በወረቀት 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ነው። በጠርዙ ላይ የተጻፉትን የሜትር ፍርግርግ ቍጥሮች እያነበብን አሥራ ሁለት ነጥቦች ሰጠነው። ፕሮግራሙም ስሕተታችን በአማካይ 6 ሜትር መሆኑን ገለጸልን። ደስ አለን፤ በዚያው ሌሊት የቀድሞውን ዳርቻ በሰማያዊ፣ የዛሬውን በቀይ ቀለም ሳልን።

በዚህ መካከል መተሐራ ሄደን ከከረዩ ሽማግሌዎች አንዱን አነጋግረን ነበር። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን አስተረጐመ። ዛሬ ጫፉ ብቻ ከውሃው በላይ የሚታይ አንድ ጥቁር የድንጋይ ጕብታ አሳዩንና፣ «ልጆቼ፣ እኔ እረኛ ሳለሁ ከብቶቻችንን የምናሳርፈው በዚያ ድንጋይ ጥላ ሥር ነበር። ውሃው ከዚያ አልፎ ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር። በእግር ሄደን እንቀዳ ነበር» አሉን። ድንጋዩ በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ስለሚለይ ስፍራውን በካርታችን ላይ አስገባነው። ካርታችን ግን ድንጋዩን በአሮጌው ሐይቅ ውስጥ አስቀመጠው። እኛም በረቂቃችን ላይ «የአዛውንቶች ትዝታ በካርታ ማስረጃ ሲመረመር ጽኑ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጻፍን። ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። መምህራችን ረቂቁን ሲመልሱልን ከዚያ ዐረፍተ ነገር ጎን በቀይ ቀለም የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ዳተሙ ምንድን ነው?»

ዳተም ማለት አንድ አገር ስፍራን ለመለካት የተነሣበት መሠረት ነው። ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች ለካርታ ሠሪዎች የሚመች፣ በሒሳብ የተወሰነ ቅርጽ ይመረጥላታል፤ ያም ቅርጽ በአንድ በታወቀ ነጥብ ላይ ከእውነተኛው ምድር ጋር ይገጠማል። የኢትዮጵያ ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ላይ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ በዓባይ ዳር የነበረ የኑቢያ ስፍራ ነው። ልኬቱ ወደ እኛ አገር የተሻገረው በተለይ ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ በተደረገው የአሜሪካና የኢትዮጵያ የልኬት ሥራ ጊዜ ነው። (የሐይቃችን ካርታ የተለካበት መሠረት የሆነው መንደር ራሱ ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በኋላ በሐይቅ መዋጡ ያስገርማል።) የምድር ቅርጽ ሆኖ የተወሰደው በ1880 ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ያወጣው ነው። በእጃችን ያለው ጂፒኤስና የሳተላይት ፎቶግራፍ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መሠረት ይሠራሉ። እኛ የአዲንዳንን ቍጥር ጽፈን ፕሮግራሙን በደብሊው ጂ ኤስ 84 ትተነው ነበር።

ልዩነቱን በበሰቃ ስፍራ ላይ አስልተን ያገኘነው ይህ ነው። ሰው ከካርታው ኬክሮስና ኬንትሮስ አንብቦ እንዳለ በጂፒኤስ መሠረት ቢያስቀምጠው፣ ነጥቡ ከእውነተኛው ስፍራ ወደ ምዕራብ 97 ሜትር፣ ወደ ደቡብ 118 ሜትር ያህል ይወድቃል፤ በጠቅላላው 150 ሜትር ገደማ። እኛ እንዳደረግነው የፍርግርጉን ሜትር ያነበበ ሰው ግን ስሕተቱ ይብሳል፤ ወደ ምዕራብ 96፣ ወደ ደቡብ 207፣ በጠቅላላው 230 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ለምን ተለያዩ ብለን ብዙ ተከራከርን። ምክንያቱ የፍርግርጉ ሜትር ከምድር ወገብ ጀምሮ የሚቈጠር መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ቅርጾች የጎበጡበት መጠን ስለሚለያይ፣ ከምድር ወገብ እስከ 9ኛው ዲግሪ ድረስ ብቻ 90 ሜትር ያህል ልዩነት ይጠራቀማል። 230 ሜትር በሉሁ ላይ 4.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ጤፍ ቅንጣት ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ ስናስብ ምን ያህል እንደ ሳትን ይታወቃል።

የሐይቁ ስፋት በዚህ ስሕተት አይለወጥም፤ ሐይቁ ቅርጹን ሳይለውጥ ተንሸራትቷልና። የሚበላሸው ንጽጽሩ ነው። 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ክብ የሆነ፣ ምንም ያልተለወጠ ሐይቅ ቢኖር፣ በ230 ሜትር ተንሸራትቶ ሲነጻጸር በአንድ ወገን 0.45 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል «የጠፋ»፣ በሌላው ወገን ያንኑ ያህል «የተገኘ» ሆኖ ይታያል። ይህ ከስፋቱ 15 በመቶ ነው። የእኛም አሮጌ ሐይቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራትቶ የሽማግሌውን ድንጋይ ዋጠው። መሠረቱን ስናስተካክል ድንጋዩ ከዳርቻው ውጭ በደረቅ መሬት ላይ ቆመ፤ ውሃውም እንደ ተናገሩት ከድንጋዩ በስተምሥራቅ ሆነ። ያንን ዐረፍተ ነገር ሰረዝነው።

ለማስተካከል የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም። በኪውጂአይኤስ ውስጥ ለሉሁ ኢፒኤስጂ 20137 የሚለው ቍጥር ይመረጣል፤ ይህም አዲንዳን፣ 37ኛው የሰሜን ዞን ማለት ነው። ውጤቱ ወደ 32637 ይለወጣል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከአዲንዳን ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚያደርሱ ብዙ መንገዶች ያቀርባል፤ ለሱዳን፣ ለማሊ፣ ለሴኔጋል የተሠሩ ሁሉ አሉበት። ለኢትዮጵያ የተወሰነው በሦስቱ አቅጣጫዎች ቅንስ 165፣ ቅንስ 11 እና 206 ሜትር የሚለው ነው። የተመረጠው እርሱ መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የሶቪየት ሉህ የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ መሠረት ይጠብቀዋል፤ የእነርሱ የ1942 ሥርዐት ነው፤ የዞናቸው ቍጥርም ከእኛው 30 ስለሚያንስ 37 የምንለውን እነርሱ 7 ይሉታል። በፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልኬት ላይ የሚሠራ ሰውም ኬንትሮስ ከግሪንዊች ሳይሆን ከፓሪስ መቈጠሩን ያስታውስ፤ ልዩነቱ በእኛ አገር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ትልቅ ስሕተት ግን ራሱን ስለሚያጋልጥ አያስፈራም፤ ጎንደርን ሌላ አገር ውስጥ ያየ ሰው ይነቃል። አስፈሪው እንደ እኛ ያለው፣ ትክክል የሚመስለው የ200 ሜትር ስሕተት ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ 6 ሜትር ያለን ለምንድን ነው? ፕሮግራሙ የሚለካው የሰጠነው ቍጥሮች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ነው። ሁላቸውም በአንድ አቅጣጫ እኩል ተሳስተው ነበርና ተስማሙ። ስለዚህ ከፍርግርጉ ነጥቦች በቀር ለማሰሪያነት ያልተጠቀምንባቸው፣ ለምርመራ ብቻ የተቀመጡ የመሬት ነጥቦች ያስፈልጋሉ። እኛ በኋላ አምስት ወሰድን፤ የፈንታሌ ተራራ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፍ አንዱ ነበር። በእነዚህ ላይ መጀመሪያ 230 ሜትር ገደማ ስተን ተገኘን፤ ካስተካከልን በኋላ ልዩነቱ ከ20 እስከ 30 ሜትር ሆነ፤ ይህም ለ1:50,000 ሉህ የሚጠበቅ ነው። ካርታውን እንደ ላስቲክ በየነጥቡ የሚስበው ዘዴ ደግሞ ስሕተቱን ሁልጊዜ ዜሮ አድርጎ ስለሚያሳይ ይበልጥ ያታልላል። ለታተመና ላልተቀደደ ሉህ፣ ከሦስት ነጥብ ጀምሮ የሚሠራው ቀላሉ ዘዴ ይሻላል፤ ወረቀት በእርጥበት ምክንያት በርዝመቱና በወርዱ እኩል ሳይሆን ቢሸበሸብ እንኳ ያንን ያርመዋል። ከ55 ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሸብሸብ 50 ሜትር መሆኑን መርሳት አይገባም።

የምርመራ ነጥብ መምረጥ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወንዝ ከወንዝ የሚገናኝበት ስፍራ ይንቀሳቀሳል። የቤተ ክርስቲያን ምልክት ከሕንፃው ጎን ሊሳል ይችላል፤ ሕንፃውም ፈርሶ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ይሆናል። እኛን ሊያስተን የነበረው ግን የባቡር ሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው ሐዲድ ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ስለ ደረሰ በቆዩት ካርታዎች ላይ ሁሉ አለ፤ እንደ እርሱ ያለ ግልጽ መሥመር የለም ብለን ነበር። ሁለት ነገር ዘነጋን። አንደኛ፣ ሐይቁ ሲሰፋ ሐዲዱና አውራ ጎዳናው በአንዳንድ ስፍራ አፈር እየተደለደለላቸው ከፍ እንዲሉ ወይም ቦታ እንዲለውጡ ተደርጓል። ሁለተኛ፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የባቡር መሥመር ከአሮጌው የተለየ ነው። በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ የሚታየውን አዲሱን ሐዲድ ከአሮጌው ካርታ ጋር ያስተሳሰረ ሰው ሉሁን ሁሉ ያጣምመዋል። በሚጠና ነገር አጠገብ ያለ ነጥብ በጥናቱ ጕዳይ የተነካ ሊሆን ይችላልና ራቅ ያለ ነጥብ ይመረጥ።

አንድ ነገር እጨምራለሁ። በካርታው ላይ ከሐይቁ ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ነጭ ነው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ነጭ ቦታ ባዶ አገር ነው ብዬ አምን ነበር። ከብት ይዘው በየወቅቱ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ግን ካርታ ሠሪው ምልክት ያወጣለት ቋሚ ቤት ስለሌላቸው ነው ያልተሳሉት፤ የሽማግሌው ድንጋይም በካርታው ላይ ስም የለውም። ዳርቻው በተሰባበረ መሥመር ተስሎ ከሆነም ውሃው በየወቅቱ የሚመላለስ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህን እንደ ቋሚ ዳርቻ ቀድቶ ስፋት ማስላት ስሕተት ነው። እኛ ሁለቱን ዓይነት መሥመሮች በሁለት ንብርብር ለይተን ቀዳን።

ስለ መብትም አጭር ቃል ይኑር። የአሜሪካ መንግሥት ያተማቸው ካርታዎች ለሁሉም ነፃ ናቸው፤ የሌሎች አገሮችና የአገራችን ካርታዎች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የተቀዳውን መሥመር ለማሳተም ከመነሣት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ሥራችንን ስንጨርስ በትምህርት ክፍላችን የኮምፒዩተር ክፍል ያስቀመጥነው የተስተካከለውን ካርታ ብቻ አይደለም። ያልተነካውን ሥዕል፣ የአሥራ ሁለቱን ማሰሪያና የአምስቱን የምርመራ ነጥቦች ዝርዝር፣ የተመረጠውን የዳተም መንገድ፣ ከጠርዙ የተገለበጡትን ዓመታትና በስሕተት የሳልነውን የመጀመሪያውን ዳርቻ ጭምር አስቀምጠናል። የድንጋዩም ስፍራ በሽማግሌው ቃል በተሰጠው ስም ተጽፎ ገብቷል። ከእርሱ በስተደቡብ ያለው ቀጣዩ ሉህ ገና አልታሰረም፤ ወረቀቱ በአራት ታጥፎ ስለ ኖረ እያንዳንዱን ሩብ ለየብቻ ማሰር ያስፈልጋል፤ በዚህ ዓመት የሚቀጥሉት ተማሪዎች ከዚያ እንዲጀምሩ ተስማምተናል።